ለቢሻሮ የፈረምኩት ፊርማ

ቢሻሮ ዛሬ አውበሬ ውስጥ ግመልና ፍየል ታክማለች። ስሟን የሚጠሩ አርብቶ አደሮች ምስጋናቸው አያልቅም። እኔ ግን የማውቃት በ2014 ዓ.ም. ከዚያው ከአውበሬ የስደተኞች መጠለያ ተነሥታ ጅግጅጋ ኮሌጃችን ስትገባ ጀምሮ ነው። በስድስት ዓመቷ ከእናቷ ጋር ከሞቃዲሾ ተሰዳ መጣች፤ አማርኛውንም ከሱቅ ነጋዴዎችና ከጥበቃዎች ለቃቅማ ተማረችው።

እኔ ሩቲ የጅግጅጋ ልጅ ነኝ። አያቴ በውትድርና መጥተው እዚሁ ቀሩ፣ አባቴ የቀበሌ ጸሐፊ ነው። የእንስሳት ጤና ትምህርት የተመደብኩት ወድጄ አይደለም፤ ፍየል እንኳ እፈራለሁ። በተግባር ትምህርት ቀን ቢሻሮ ፍየሏን ጥርቅም አድርጋ ትይዝልኛለች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እወጋለሁ። ጓደኛሞች የሆንነው እንዲህ ነው።

መምህር ዐብዲናስር የሚሰጡንን ጽሑፍ እኔ ለፈተና ዋዜማ ሳስቀምጠው፣ እሷ በማግስቱ ጨርሳ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ታበሳጨኝ ነበር።

«ሁሉም ግመል ካልዳነ አትተኚም እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«አንቺ ብትወድቂ አባትሽ ቤት ትገቢያለሽ» አለችኝ እየሳቀች። «እኔ ብወድቅ ስኮላርሺፑ ይቋረጣል፤ ወደ ድንኳን ነው የምመለሰው።»

ከዚያ ወዲህ ማሾፉን ቀነስኩ። ማጥናቱን ግን አልጀመርኩም።

ክፍላችን አንድ ልማድ ነበረው። የአቴንዳንስ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ለቀረ ጓደኛ ይፈረምለታል። ይህ ለእኛ ለከተማው ልጆች ማጭበርበር አይደለም፣ ወግ ነው፤ ለጓደኛው ያልፈረመ እንደ ንፉግ ይታያል።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ማክሰኞ ቢሻሮ ቀረች። ቀርታ ስለማታውቅ ሆዴ ባባ፤ ስሟ ፊት ለፊት ፈረምኩላት። ለካስ መጠለያው ቆጠራ ነበረው፤ ራሷ ቀርባ አሻራ ካልሰጠች ከመዝገብ ትሰረዛለች። ከሦስት ቀን በፊት ደብዳቤ ሰጥታ መምህሩን አስፈቅዳለች። ይህን ሁሉ መጠየቅ አልመጣልኝም። አጉል ደግነት ማለት ይህ ነው።

ሐሙስ ዕለት መምህር ዐብዲናስር ደብዳቤውንና አቴንዳንሱን ይዘው ገቡ።

«ቢሻሮ፣ ማክሰኞ የት ነበርሽ?»

«አውበሬ።»

«ታዲያ ይህን ማን ፈረመልሽ? ካልተናገርሽ አስፈርመሽ ነው። የመጨረሻውን ፈተና አትቀመጪም።»

ወረቀቱን አየችው። የእኔን እጅ ጽሑፍ አሳምራ ታውቃለች። አንዴ ቀና አለችና መሬት መሬት እያየች፣ «ያላየሁትን አልናገርም» አለች። 

አፈርኩ። ያንን ሁሉ ዓመት ለፍታ በእኔ ፊርማ ድንኳን ልትገባ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ መምህር። እሷ አታውቅም።»

መምህሩ ወረቀቱ ላይ ስሜን አከበቡ። «የአቴንዳንስ ማርክሽ ዜሮ ነው» አሉ። «ፈተናውን ሁለታችሁም ትቀመጣላችሁ።»

ለአቴንዳንስ የሚሰጠው አሥር ማርክ እንደዚያ ሄደ። ያለ እሱ ለማለፍ ማጥናት ግድ ሆነብኝ፤ ያን ወር ቢሻሮ ቁጭ አድርጋ አስጠናችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ለፍቼ አላውቅም፣ ደግሞም ደስ ይል ነበር። ውጤት ሲለጠፍ እሷ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች፣ እኔ ለጥቂት አለፍኩ። ሰሌዳው ሥር ቆመን፣ ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኋት።

«ያን ቀን ለምን አላጋለጥሽኝም?»

«አባዮ» አለችኝ፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ስሜ ሲጻፍ ነው የኖረው። ለስንዴ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለመታወቂያ። ሁልጊዜ ተሰልፌ፣ ለምኜ ነው። ሳልጠይቀው ‹አለች› ብሎ የፈረመልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

እንባዬ መጣ። እሷ ግን ክንዴን ይዛ ወደ በሩ እየመራችኝ፣ «ሁለተኛ እንዳትደግሚው» አለችኝ።