ምራቴ የተሳለችው ጾም

የልጅ ልጄ በሰባት ወሯ ተወለደች። እናቷ ጉያ አንድ ሌሊት እንኳ ሳታድር ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል አስገቧትና በመስታወት ሳጥን ውስጥ አስተኟት። ሐኪሞቹ ሌላ ስም አላቸው፤ እኛ ቤት ግን ሳጥኑ ነው የሚባለው። ምራቴ በአምስተኛው ቀን ተሽሏት ወጣች፣ ልጅቷ ቀረች። እዚያ ለእናቶች የሚሆን አልጋ ስላልነበረ፣ ሐርጌሳ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ከተከራየናት ሁለት ክፍል ቤት ወደ ሆስፒታሉ መመላለስ ሥራችን ሆነ።

የሕፃኗ ነገር ሁሉ በወተት ላይ የቆመ ነበር። መጥባት ስለማትችል በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ ነው የምትመገበው። የቆርቆሮ ወተት አንድ ጊዜ ተሞክሮላት ሆዷ ተነፋ፤ ከዚያ በኋላ ነርሷ የእናቷን ወተት ብቻ እንድናመጣ አጥብቃ ነገረችን። ስለዚህ ምራቴ በየሦስት ሰዓቱ ጡቷን በእጇ እያለበች በተቀቀለ ጠርሙስ ታጠራቅማለች። ጠዋትና አመሻሽ ላይ ራሷ ትወስዳለች፤ የቀትሩን እኔ በበረዶ ከብቤ በባጃጅ አደርሳለሁ።

ቤት ስመለስ ደግሞ ጠያቂ ይጠብቀኛል። የአገራችን ሰዎች አራስ መጠየቅ አይረሱም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሉና ብርድ ልብሱ ሥር ሕፃን ይፈልጋሉ። ሕፃኗ ሆስፒታል መሆኗን እያንዳንዳቸው በስልክ ሰምተዋል፤ ግን ይፈልጋሉ። ከዚያ ምራቴ ታለቅሳለች፣ እነሱም ያለቅሳሉ፣ እኔ ሻይ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጠርሙሱ ግማሽ ድረስ ይሞላ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ወተቱ ታች ብቻ ይታይ ጀመር። አንድ ቀን ነርሷ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችውና በእንግሊዝኛ «ይህ ብቻ ነው?» አለችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት እንግሊዝኛ ይህን ለመስማት አላነሰኝም። መልስ ለመስጠት ግን አነሰኝ።

አጥሚት አበዛሁ። ጋአን ሊባህ ሰፈር ሰው ቤት ሃያ ዓመት ምግብ አብስያለሁ፤ ሰው መብላት አለመብላቱን ከሳህኑ አውቃለሁ። የምራቴ ሳህን ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ኩባያዋም እንደዚሁ። ፊቷ ግን በየቀኑ ይከሳል። ሐሳብ ነው አልኩ።

አከራያችን ጅግጅጋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ ከልጄ አማርኛ ይሻላል። ግቢው ውስጥ አንዲት ፍየል አለቻት። አንድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ መጥታ አጠገቤ ቆመች። እንደ አገሩ ልማድ የምትጠራኝ ኤዶ እያለች ነው፣ አክስቴ ማለቷ ነው።

«ኤዶ፣ ፍየሌን ምን እያበላችኋት ነው?»

«ምንም።»

«ወላሂ አራስ መስላለች። ወገቧ ሰፋ።»

«ሣር አግኝታ ይሆናል።»

«ሐርጌሳ የምን ሣር አለ? የምትበላው ካርቶን ነው። በካርቶን እንዲህ አይወፈርም።»

በማግስቱ ጠዋት አጥሚቱን ለምራቴ ሰጥቼ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ብዙም አልቆየሁም። ምራቴ ነጠላዋን ተከናንባ በውሃ ታንከሩ ጀርባ መጣች፤ የእኔን አጥሚት በቆርቆሮ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ፍየሏ ቀድማ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«እማዬ፣ አይቆጡ።»

«ፍየሏን አልቆጣትም። እሷ የሰጧትን ነው የበላችው።»

ቆማ እያለቀሰች ነገረችኝ። ልጇ ከሳጥኑ እስክትወጣ ድረስ፣ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ላትቀምስ፣ ከዘጠኝ በኋላም የጾም ብቻ ልትበላ ለእመቤታችን ተስላለች። አሥረኛ ቀኗ ነው።

«አራስ ትጾማለች?»

«ጾም አይደለም፣ ስለት ነው።»

«ለሆድሽ ምን ይለይለታል?»



እኔም የምጾም ሴት ነኝ፤ ስለት የሚባል ነገር አልንቅም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ለልጇ ብላ ከልጇ አፍ እየነጠቀች፣ ስጦታ የሰጠች ይመስላታል። እኔ ደግሞ እህሉን ዋሄን ገበያ ድረስ ሄጄ ገዝቼ፣ ለቅሜ፣ አስፈጭቼ፣ የሰው ፍየል ሳደልብ ከርሜያለሁ።

«ወተትሽ የነጠፈው በምን ይመስልሻል?»

«በሐሳብ።»

«በረሃብ ነው። ዛሬውኑ ተዪው።»

«ብተወውና ልጄ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

ኩባያውን ከእጇ ነጥቄ ወደ ቤት ገባሁ። 

ልጄ ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት። ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ነው የሚገባው። ሚስቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «እማዬ፣ በዚህ ውስጥ እኔን አታስገቢኝ» አለ። ሕፃኗ የራሱ ልጅ ናት እንጂ የጎረቤት ልጅ አይደለችም። አከራያችን ከበሩ ላይ ሰምታ ገባች።

«በኛ ረመዳን እንኳ የምታጠባ ሴት ትበላለች፤ በሌላ ቀን ትከፍለዋለች። የናንተ እንዴት ነው?»

«የኛም አራስ አትጾምም። የጠፋው ሰሚ ነው።»

«እንግዲያው ሼኻችሁን ጠይቁ።»

ሼኻችን የንስሐ አባታችን ናቸው። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለን ምክሩም ተግሣጹም ከአገር ቤት በስልክ ነው የሚመጣው። ሁለት ቀን ደወልን። አንዴ ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ አንዴ ተዝካር ሄደዋል፤ ከዚያ መብራት ጠፍቶ ስልካቸው ተዘጋ። ምራቴ ሁለቱንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፏን ዘግታ ዋለች። በሁለተኛው ቀን የያዝኩት ወተት ከሁለት ማንኪያ አይበልጥም ነበር። ነርሷ በዚህ ከቀጠለ ሕፃኗ ክብደት አትጨምርም፣ የቆርቆሮውን እንደገና መሞከር ግድ ይሆናል አለች። የተነፋው ሆዷ በዓይኔ መጣብኝ። ለምራቴ ነገርኳት። እሷ የባሰ ጸለየች።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ አባ ስልኩን አነሱ። ሁላችንም እንድንሰማ ልጄ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«አባ፣ አራሷ እየጾመች ነው» አልኩ።

«የት?»

«ሐርጌሳ።»

«ሐርጌሳ ጾም ገብቷል እንዴ?»

«አልገባም፣ አባ። ስለት ነው።»

ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁ። ፍየሏን አላነሳሁም። አባ ምራቴን አቅርቧት አሉ።

«ልጄ፣ እመቤታችን ራሷ አጥብታ ያሳደገች እናት ናት። ከሕፃን ጉሮሮ የተነጠቀ አትቀበልሽም። አሁኑኑ ብዪ።»

«ቃሌስ፣ አባ?»

«ቃልሽን ከቤቱ ሌላ ሰው ይፈጽምልሽ። ሰው የለም?»

ልጄ «እኔ አለሁ» አለ። ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ፀሐይ እየመታው አራተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ የሚውል ሰው ነው።

«አንተ ደግሞ ራስህን ስተህ ውደቅና ሁለት ሆስፒታል ልመላለስ» አልኩት። ከዚያ ሳላስበው ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ «እኔ እጾምላታለሁ፣ አባ» አልኩ። ጨጓራ እንዳለብኝ ያውቃሉ፤ ባለፈው ዓመት ከጾም የፈቱኝ እሳቸው ናቸው። ያስታውሱኛል ብዬ ጠበቅሁ። «እግዚአብሔር ያበርታሽ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ምራቴ በላች። ሳህኑ እስኪያልቅ አጠገቧ ቆምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኔ ፊት ካልሆነ አትበላም፤ አላምናትም ነበር፣ ይህንንም አልደበቅኋትም። እኔ ከንጋት ጀምሮ ባዶ ሆዴን ዶሮ እቀቅላለሁ፣ ገንፎ አገነፋለሁ፣ ቅቤ አነጥራለሁ።

«እማዬ፣ ጨው አነሰው» ትለኛለች።

«ጨው በመቅመስ ነው የሚታወቀው። የማልቀምሰው ደግሞ በማን ምክንያት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ከዚያ በኋላ ጨው አነሰ ብላ አታውቅም። ዝም ብላ ትጨምራለች።

ሦስት ቀን ለውጥ የለም። በአራተኛው ቀን ጠርሙሱ ሩብ ሆነ። በሳምንቱ ከግማሽ አለፈ። ነርሷ ወደ መስኮቱ ማንሳቱን ተወች፤ ተቀብላኝ ትገባለች።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ጠዋት ሁለታችንንም አብራ አስገባችን። ሕፃኗን ከሳጥኑ አውጥታ፣ ቱቦዋ በጉንጯ ላይ እንዳለ፣ ራቁቷን በእናቷ ደረት ላይ አደረገችና በሻሽ አሰረቻቸው። ሕፃኗ አፏን ወዲያ ወዲህ ስታደርግ ቆየችና ጡቱን አገኘችው። አራት ጊዜ ሳበች። ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ደክሟት ተኛች። ነርሷ ከዛሬ ጀምሮ ሳጥኑ ይበቃታል፣ ተራ አልጋ ትይዛለች፣ ሁለት ኪሎ ስትሞላ፣ ምናልባት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ወደ ቤት ትሄዳለች አለችን።

ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ጨጓራዬ ከንጋት ጀምሮ ይነድ ነበር። ለምራቴ ከያዝኩት ፌስታል ውስጥ እንቁላል ያለበት ዳቦ ለራሴ አወጣሁ።

«ወጣች» አልኩ።

«ወጣች፣ እማዬ። ተመስገን።»

ዳቦውን አየችው። ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረች።

«ምንድን ነው?»

«እማዬ... ቤት እስክትገባ ነበር።»

«ከሳጥኑ እስክትወጣ ነው ያልሽኝ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«አፌ እንደዚያ ብሎ ይሆናል። በልቤ ግን ቤት ነበር።»

«ቤት የምትገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ይብሉ፤ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ልቆጣት ዞርኩ። ቀሚሷ በሁለቱም በኩል በወተት ርሶ ነበር፣ አላወቀችውም። ሳትጠይቀኝ ነጠላዬን አውልቄ ደረቷ ላይ ጣል አደረግሁላት። ዳቦውን እጇ ላይ አስቀምጬ «ብዪ» አልኳት። ስትበላ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ዘጠኝ ሊሆን ገና አምስት ሰዓት ይቀራል።