ሊቀመንበራችን የተከሰሱበት መልእክት

በኮሮናው ዓመት፣ ሻርጃ ላይ፣ የአንድ ፖለቲከኛን ስም በሆዴ አድኛለሁ። አውቃለሁ፣ አታምኑኝም። ሚስቴም አላመነችኝም፤ እሷ ደግሞ ሆዴን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ነገሩ ትዝ ያለኝ ባለፈው ዓርብ ነው። አጅማን አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ ዱለቴን ስጠብቅ፣ ቴሌቪዥኑ የሆነ ሩቅ አገር ፖለቲከኛ በሴት ጉዳይ ተከሰሰ ይላል። አጠገቤ ከተቀመጡት ሁለት ጎረምሶች አንዱ፣ "ኸላስ፣ አድርጎታል። ፊቱን አታየውም?" አለ። ሌላው፣ "ዋላሂ ለፍሉስ፣ ለገንዘብ ብላ ነው" አለ። ዜናው ገና አላለቀም፤ እነሱ ግን አንዱ በሰውየው፣ ሌላው በሴትየዋ ላይ ፈርደው ጨርሰዋል። አልተቆጣሁም። እኔም በወጣትነቴ እንደዚያው ነበርኩ። ያኔ ገና አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር።

የምግብ ማከፋፈያ መኪና እነዳ ስለነበር የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ነበረኝ። ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶበት እኔ ብቻ እንደ ሼክ እንሸራሸራለሁ። ከሻርጃ ዱባይ፣ ሰው ግማሽ ዕድሜውን የሚጨርስበት መንገድ፣ ባዶውን ተዘርግቶልኛል። የሰኔ ሙቀት ማስኩን ፊቴ ላይ ያጣብቀዋል፤ መሪው፣ ወንበሩ፣ የምበላው ሳምቡሳ ሳይቀር ሳኒታይዘር ሳኒታይዘር ይላል። ሥራዬን ስጨርስ ደግሞ የመረዳጃ ማኅበራችንን ቀለብ ሥራ ለፈቱት ልጆች አደርሳለሁ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ መኮንን ነበሩ። ፖለቲከኛ ያልኳችሁ እሳቸውን ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን ተወዳድረው፣ ንግግር አድርገው፣ ፎቷቸውን በየግሩፑ ለጥፈው ያሸነፉ ሰው ናቸው። አገር ቤት ለመግባት የሚጠባበቁ ሰዎች ዝርዝርም በእጃቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ለኛ ከዚያ የሚበልጥ ሥልጣን አልነበረም።

ሕይወት የምትባል ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። አል ባርሻ ሰው ቤት ስትሠራ ማዳሟ በሽታ ታመጪብኛለሽ ብላ አስወጣቻት፤ ሙሀይስና ቢድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ የሚከራይበት ክፍል ገብታ ተራዋን ትጠብቃለች። አንድ ሐሙስ ጠዋት ዘይትና ፓስታ ሳደርስላት ስልኳን ዘረጋችልኝ።

"ጋሽ ታዴ፣ እስቲ ይቺን እያት።"

አየኋት። "ማታ ትስሚኛልሽ። ልማንም እንዳትንግሪ።" ትላለች።

"ከማን ነው?"

"ከጋሽ መኮንን። እምቢ ካልኩ ስሜን ያወጡታል አይደል?"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በጋሽ መኮንን ላይ ቂም ነበረኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት "ቅልቡን ይዝህ ና" ብለው ጽፈውልኛል። በዚያ ሰሞን መኪናው ውስጥ ከኔ ሌላ የተቀለበ ፍጡር አልነበረም። ሆዴን ማለታቸው ነው ብዬ ውስጤ አሯል። እንግዲህ የሕይወትን መልእክት ሳይ ደስ ነው ያለኝ ብል ውሸት አይሆንም። ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ እንኳ ሳልጠይቃት፣ "ጉዳችሁን እዩ" ብዬ መልእክቱን ፎቶ አንስቼ የማኅበሩ ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት።

እስከ ቀትር ግማሹ ሰው ሊቀመንበሩን አውሬ አደረጋቸው፤ ግማሹ ልጅቷን ባለጌ። የጋሽ መኮንን ሚስትና ሁለት ሴት ልጆቻቸውም እዚያው ግሩፑ ውስጥ ነበሩ፤ ሁሉንም አንብበዋል። ሕይወት ስልኳን ዘጋች።

ያን ጊዜ ነው ብርነሽ የተነሳችው። ብርነሽ ጁሜይራ ወጥ ቤት የምትሠራ የጎጃም ሴት ናት፤ ማዳሟ ከግቢ እንዳትወጣ ከከለከለቻት ሦስት ወር አልፏል። ዓርብ ቀትር ላይ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ሆና ሕይወትንም አብራት በምትኖር ልጅ ስልክ አስጠርታ፣ ሁላችንንም በስልክ ሰበሰበችን። ማሽኑ ከጀርባዋ ይጮኻል። ስንት ስብሰባ ያየሁ ሰው ነኝ፣ እንደዚያች ያለ ሰብሳቢ ግን አላጋጠመኝም።

"አቶ መኮንን፣ ይህ እስኪጣራ ዝርዝሩን ለሌላ ሰው ያስረክቡ። ጥፋተኛ ነዎት አላልኩም።"

"አሁኑኑ አስረክባለሁ" አሉ ጋሽ መኮንን።

"ሕይወት፣ ነገሩ በየትም በኩል ቢያልቅ ቦታሽ አይነካም። ውሸታም ያለሽ ሰው ካለ ከዚህ ይውጣ። አውሬ ያለም ይውጣ።" ቀጥላ፣ "አሁን ከሳቸው መልእክት የደረሰው ሁሉ እንደተጻፈው ያንብብ" አለች።

"ለምን?" አልኩ።

"ሰውየው እንዴት እንደሚጽፍ ሳላይ ምን እንደጻፈ በምን አውቃለሁ? አንተው ጀምር፣ ታደሰ።"

"የኔ ሙሽኪላ፣ የኔ ችግር፣ የግል ነው።"

"ያላ፣ አንብብ።"

አነበብኩ። "ቅልቡን ይዝህ ና።" መስመሩ ላይ ሳቅ ፈነዳ። ጋሽ መኮንን ግን ደንግጠው፣ "ቀለቡን ነው እንጂ! ቀለቡን ይዘህ ና ነው ያልኩህ" አሉ።

ለካ የስልካቸው መስታወት "e" የምትነካበት ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ "ሰ" ሲሉት "ስ"፣ "ለ" ሲሉት "ል" እየሆነ ይወጣል። የሌሎቹም ሲነበብ ሰላሙ ሁሉ "ስላም"፣ ከረጢቱ ሁሉ "ክርጢት" ነው። ለሕይወት የጻፉት "ማታ ትሰሚኛለሽ" ነበር፤ መስማት እንጂ መሳም አይደለም። ቦታ ያገኙትን ሰዎች ሐሙስ ማታ በድምፅ ሊያሳውቁ ነበርና። ስልክ ላይ የሚጻፍ አማርኛ ምንጊዜም የተጣመመ ስለሆነ ማናችንም ልብ አላልንም።

ሁላችንም እልል ልንል ስንል ብርነሽ አቋረጠችን። "'ለማንም እንዳትነግሪስ?'" አለች።

ጋሽ መኮንን መለሱ። "እሱ ስህተት አይደለም፣ እኔው የጻፍኩት ነው። ሌሎቹ እንዳይቀየሙ ብዬ ነው። ግን ሥራ ፈታ ተራ ለምትጠብቅ ልጅ እንደዚያ አይጻፍም። ይቅርታ፣ ሕይወት። ዝርዝሩን ከእንግዲህ ሁለት ሴቶች ይያዙት።" ተናደው ሊጮሁ የሚችሉ ሰው ነበሩ፤ ስማቸውን አንድ ቀን ሙሉ ስናጎድፍ ውለናል። ልጅቷን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሯትም።

"አመንሽ?" አለች ብርነሽ።

"ግማሹን" አለች ሕይወት። "ግማሹን አገሬ ገብቼ አስብበታለሁ። የተናገርኩት ግን ያየሁትን ነው።"

"ያየሽውን ነው። መናገርሽም ልክ ነው። ያጠፋው ሳይጠይቅሽ የለቀቀው ነው" አለች ብርነሽ። ስሜን አልጠራችም፣ አላስፈለጋትም። እዚያው ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅኩ። በሳምንቱ ሕይወትን ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ እንደኔ ያለ ሹፌር ደግሞ ኤምሬትስ ውስጥ የለም።

ይህንን ሁሉ ለጎረምሶቹ ነገርኳቸው። አንዱ፣ "ጋሼ፣ ይቺን ፈጥረሃታል" አለኝ። እናንተም እንደዚያ ካላችሁ መንገዱ ክፍት ነው። ጋሽ መኮንን አጅማን ናቸው፤ ብርነሽም ከጁሜይራ አልወጣችም፤ ሕይወት ደብረ ብርሃን ሱቅ ከፍታለች። ሂዱና ጠይቋቸው። ሕይወት ጋ ስትደርሱ ግን "ተሳስተሽ ነበር አይደል?" ብላችሁ እንዳትጀምሩ። "ምን አየሽ?" በሏት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሟት። አደራ፣ ስሟት ነው ያልኩት እንጂ ሳሟት አላልኩም።