የሲ ቡሽዓይብ ብሎኖች

ቡሽዓይብ ካዛብላንካ ውስጥ፣ አውቶቡስ ጋራዥ ግሪስ እየጠረገ ያደገ ሰው ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ አየር ማረፊያው ጥገና ክፍል ገባ። በአርባው ወጥቶ የሚስቱን አምባርና የአባቱን መሬት ሸጠና፣ ኑዋሰር ላይ ከአየር ማረፊያው አጥር ሥር የአውሮፕላን እግር የሚይዙ ብሎኖችን የሚሠራ ፋብሪካ ከፈተ። “ዶሮ ብታረባ ይሻልህ ነበር” ብለው ሳቁበት። ይሳቁ! ስድሳ ሲሞላው “ሲ”፣ ማለትም አቶ፣ ቡሽዓይብ ተብሎ ዘጠና ሠራተኛ ያስተዳድር ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ አንድ ሳህን ሾርባ ጉድ ያደረገው።

ብሎን ዝገት እንዳይበላው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ይለበጣል። ያኔ ብረቱ ጋዝ ይጠጣል። በአራት ሰዓት ውስጥ ምድጃ ካልገባ ጋዙ እዚያው ይቀራል፤ ላዩ እያብረቀረቀ፣ አንድ ቀን ጭነት ሲበረታበት ቀጭ ይላል። ቡሽዓይብ ይህን አዲስ ሠራተኛን ሁሉ እንደ ቁርኣን ያስሸመድድ ነበር።

በረመዳን ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ አንድ ገበታ ላይ ያፈጥራል፤ ሐሪራ የሚባለውን ሾርባ በእጁ የሚቀዳው ራሱ ቡሽዓይብ ነው። ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው አዛኑ ገና እንደተሰማ፣ የምድጃዋ ኃላፊ ሚሉዳ “ሲ ቡሽዓይብ፣ እነዚህን አስገብቼ ልምጣ” አለችው።

“ተይ እንጂ! ብሎኑ አልጾመም! ነይ ቁጭ በይ!” አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ተበላ፣ ተሰገደ፣ ተወራ። ብሎኖቹ ምድጃ ሲገቡ ከገንዳው ከወጡ አምስት ሰዓት አልፏቸው ነበር። ሚሉዳ ግን ወረቀቱ ላይ “ሦስት ሰዓት ተኩል” ብላ ጻፈች። በሰው ፊት የጋበዛትን ላለማሳጣት! አይ ይሉኝታ፣ ስንቱን ፈጀ።

ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ቀን፣ ቢሮው ገብታ በሩን ዘጋችና ሁሉንም ዘረገፈችው። ቡሽዓይብ ከወንበሩ ብድግ አለ።

“አሁን የት ናቸው?”

“ገዢው አየር መንገድ መጋዘን ደርሰዋል። ዛሬውኑ ይደውሉላቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።”

ስልኩን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው። ይህ ወሬ ከወጣ ማን ከእሱ ይገዛል? ዘጠና ቤተሰብ ምን ሊበላ ነው?

“ከእነሱው እዚህ የቀረ ብሎን አለን። አንዱን ማሽን ላይ በጭነት እንወጥረው” አላት። “ሁለት መቶ ሰዓት ከቻለ ሌሎቹም ደህና ናቸው።”

“ካልቻለስ?”

“ያኔ እደውላለሁ።”

“እኔ እንዲህ ብልዎት በዚያው ያባርሩኝ ነበር” አለችው። እውነቷን ነው፤ እሱም አላጣውም። 

ብሎኑ ማሽኑ ላይ ተወጠረ። ማክሰኞ ቻለ። ረቡዕም ቻለ። አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ባለፈ ቁጥር ቡሽዓይብ የጀመረውን ወሬ አቋርጦ፣ ድምፁ እስኪጠፋ አፉን ከፍቶ ይቀር ነበር። ሐሙስም ሲያልፍ ትንሽ ነፍስ ዘራ። “ፈሪ ነሽ፣ ሚሉዳ” ብሎ ቀለደባት። እሷ አልሳቀችም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ሮጡ። ብሎኑ ለሁለት ተሰብሮ ወለሉ ላይ ወድቋል።

“የፈሩት ይደርሳል” አለች ሚሉዳ፣ ጭንቅላቷን ይዛ።

ቡሽዓይብ ገዢው ዘንድ ደወለ። የብሎኖቹን ቁጥር ነገረ፤ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነም አልደበቀም። በወዲያኛው በኩል የገዢው መሐንዲስ ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማል።

“ሲ ቡሽዓይብ፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት ድረስ ሳጥን ውስጥ ነበሩ” አለው። “ሐሙስ ሁለት አውሮፕላን ላይ ገጠምናቸው።”

“የት ናቸው?”

“አንዱ እዚሁ ቆሟል፤ አሁኑኑ እንፈታዋለን።”

“ሌላውስ?”

መሐንዲሱ መለሰለት። ሚሉዳ ፊቱ ቆማ፣ “ምን አሉ? ይንገሩኝ እንጂ!” አለችው።

ቡሽዓይብ ስልኩን ከጆሮው አላነሳም።

“መቶ ስድሳ ሰው ይዞ ተነሥቷል” አላት። “ገና አላረፈም።”