ከመንጋጋዬ ጥግ የመጣችው አጥንት

የፊት ጥርሴን ያጣሁት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ቁሓ ከተማ ዘመድ ጠይቀን ስንመለስ የተሳፈርንበት ሚኒባስ በድንገት ፍሬን ያዘና አፌ ከፊት ለፊቴ ካለው ወንበር ብረት ጋር ተጋጨ። ከዚያ ወዲህ ስናገር አፌን በነጠላዬ ጫፍ፣ ነጠላ ካልያዝኩም በመዳፌ እሸፍናለሁ። ልጃገረድ በትልቅ ሰው ፊት አፏን ብትሸፍን ጨዋነት ነውና ማንም አልጠረጠረኝም። እንዲያውም የሰፈራችን ሴቶች እናቴን «ታድለሽ፣ እንዲህ የታረመች ልጅ» ይሏት ነበር። እኔም ምስጋናውን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የወጣሁት በዚሁ በተሸፈነ አፍ ነው።

ሥራ ያገኘሁት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ የልብስ ፋብሪካ አዲስ ሠራተኞችን በማሠልጠን ነበር። አንድ ቀን ከገጠር የመጣች ልጅ ጥያቄ ስጠይቃት መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ መለሰችልኝ። ከአጠገቧ ያለችውም እንደዚያው። ለካ እኔን እያዩ የፋብሪካው ደንብ መስሏቸው ኖሯል። በዚያው ሳምንት እናቴን ይዤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ዶክተሩ ራጁን ብርሃን ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ጥርሱ ከወጣ በኋላ አጥንቱም ሥራ አጥቶ ከስቷል አለኝ። አዲሱን ጥርስ የሚሸከመው ብሎን የሚቆምበት እንዲያገኝ መጀመሪያ አጥንት መጨመር ያስፈልጋል።

«ከላም አጥንት የተዘጋጀ ዱቄት አለ» አለ። «ካልሆነም ከራስሽ መንጋጋ ጥግ ትንሽ ቆርጠን ወደ ፊት እናመጣለን።»

እናቴ ቀና አለች። «ዶክተር፣ ላሟ በማን እጅ ነው የታረደችው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን አልሳቀም፤ በትግርኛ እንደ እናቱ ጠራት። «አደይ፣ ሥጋም ደምም እንዳይቀርበት የተጣራ ነው። ሙስሊም ታካሚዎቼም ይህንኑ ይጠይቁኛል።»

«እሱስ ይሁን። ግን ጾሙም ሊገባ ነው» አለች እናቴ።

«ከራሷ ከሆነስ?»

እናቴ አሰብ አደረገች። «የራሷን አጥንትማ የቱ ጾም ይከለክላታል?»

አሁን ሳቀ። ወደ እኔ ሲዞር ግን ሳቁ ጠፋ። «ላይዝም ይችላል» አለኝ። «ካልያዘ ያለሽ አጥንት ስስ ነው፤ ሁለተኛ እንሞክር ለማለት ይከብደኛል።»

በቀጠሮው ቀን ድዴ ደንዝዞ ሕመም አልነበረኝም፤ የመሣሪያውን ድምፅ ግን በጆሮዬ ሳይሆን በአጥንቴ እሰማው ነበር። በመሐል ዶክተሩ ቁራጯን በመቆንጠጫ ይዞ አሳየኝ። የትንሽ ጣቴን ጥፍር ታክላለች፤ ነጣ ያለች፣ ደም የነካካት፣ እርጥብ። ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜያት ስንተያይ የመጀመሪያችን ነበር። ከፊት ባዶው ቦታ ላይ አስቀምጦ በደቃቅ ስፒል አሰራትና ድዱን ሰፋው።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር መጠበቅ ነበረብኝ። መጀመሪያ አካባቢ ምሳዬ አጥሚት ነበር፤ ቆሎ የያዘ ሰው ሳይ እንኳ እሸሽ ነበር። ምላሴ እዚያ እንዳትደርስ ስታገል እውላለሁ። ባስነጥስ ቁራጯ የምትወጣ ይመስለኛል። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። እኔ ስለ ስፌት ማሽን ሳስረዳ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ ስተኛ፣ ያ አጥንት ከማያውቀው አጥንት ጋር እየተገናኘ ነው። የደም ሥር እየገባበት ነው። እንዴት እንደሚሠራ ማንም አላስተማረኝም፤ ሰውነቴ ግን ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ዐዋቂ ውስጤ ተቀምጦ ሳለ ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ቀዳዳ ማፈሬን እያሰብኩ እደነቅ ነበር።

አምስቱ ወር ሲሞላ ዶክተሩ ሁለት የራጅ ፊልም ሰጠኝ። በቀዶ ሕክምናው ቀን በተነሣው ላይ ቁራጯ እንደ ልጥፍ ትታያለች፤ ዙሪያዋን ጥቁር መስመር ከቧታል።

«እስቲ በአዲሱ ላይ ድንበሯን አሳዪኝ» አለኝ።

ፊልሙን በሁለት እጄ ወደ መስኮቱ አነሣሁ። ከላይ ጀምሬ ፈለግኩ፤ ከታች ጀምሬ ፈለግኩ። አንድ ወጥ አጥንት ብቻ ነበር፣ መሐሉ ላይ ደቃቋ ስፒል እያበራች።

«የለም» አልኩት።

«አዎ፣ የለም» አለ።

እናቴ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተነሣች። «ምን አለ?»

«ይዛለች፣ እማዬ።»

እሷ አፌን ብቻ ታያለች። ሁለቱም እጆቼ ፊልሙን እንደያዙ ነበሩ።