ሸራው ላይ ያየሁት እጄ

በእህቴ መቅናት የጀመርኩት ጅባት ጫካ ውስጥ ነው። ጠላት አገሩን በያዘበት ዘመን ሁለታችንም ከሸነን በላይ ባለው ዱር ከአርበኞች ጋር ነበርን። በቀን እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ጭስ ከታየ አውሮፕላን ይመጣል። የእኔ ሥራ ገብስ መፍጨት፣ በሶ መበጥበጥና የቁስለኛ ጨርቅ ማጠብ ነበር። የእሷ ሥራ መዝፈን ነበር።

ሁለት ዓመት እበልጣታለሁ። ድምፄም ከእሷ አያንስም፤ ይህን ዛሬም አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። እሷ ግን ፉከራውን ስትጨርስ የድስት ክዳን አናቷ ላይ ደፍታ፣ ሆዷን ነፍታ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ የጣሊያን ሹም ሆና ብቅ ትላለች። ሁለት ቀን እህል ያልቀመሱ ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው በሳቅ ይንከባለላሉ። ከነጻነት በኋላ ከእነዚያ አርበኞች አንዱ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እህትሽ እንዴት ናት?» ብሎ ነው። በሶዬን ያስታወሰ አንድም ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከሚስቁት አንዱን አገባች። ሰውየው ጠላት ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ወደቀ፤ ሴት ልጁን አላያትም። አምቦ ስንገባ እኔ የአውራጃው ግምጃ ቤት ጸሐፊ አግብቼ ጥልፍ እየጠለፍኩ መኖር ጀመርኩ፤ እህቴና ልጇም እኛው ቤት ተጠጉ። ልጅቷ ጡት እንደጣለች አዲስ አበባ አንድ ቴአትር ቤት ሴት ዘፋኝ ይፈልጋል የሚል ወሬ መጣ። እህቴ አላመነታችም። ልጇን ክንዴ ላይ አስቀመጠችና «እስክደላደል ያዥልኝ» ብላኝ ጭነት መኪና ላይ ወጣች። ለመደላደል ሃያ ዓመት አልበቃትም።

እኔ አልወለድኩም። ልጅቷ አፍ ስትፈታ ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ ነበርና «አዮ» ትለኝ ጀመር፤ እናቴ ማለት ነው። ባለቤቴ አማርኛውን ሊያስተምራት ሞከረ፣ እኔ ተወው አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። ማን እንደወለደቻት ግን አልደበቅናትም፤ አገሩም ያውቃል። አንዲት ጎረቤቴ ልጅቷን ሳበጥር ባየችኝ ቁጥር «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ትለኛለች። ሰላምታዋ ይመስል ጧት ጧት ትደግመዋለች።

አራት ዓመት ሲሆናት ግራ ጆሮዋን ታመመች። መግል ይወርዳታል፣ ነፋስ ሲነካት ትጮኻለች። ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ወዳለው ሐኪም ቤት አዝዬያት ስመላለስ አንድ እጄን ወደ ኋላ ልኬ ጆሮዋን በመዳፌ እሸፍንላት ነበር። ጆሮው ዳነ። መዳፌ ግን ልማዱን አልተወም። በዓል መጥቶ ጉልበቴን ስትስም፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ኋላም አስተማሪ ሆና ባኮ ስትመደብ፣ ግራ ጆሮዋን ሸፍኜ ጥቂት ሳልይዛት አልለቃትም።

እህቴ በፋሲካ በፋሲካ ትመጣለች። ጫማ ታመጣለች፣ ከረሜላ ታመጣለች፣ ወሬ ታመጣለች። በፊት የሴት ቦታ ላይ ወንዶች ሻሽ አስረው ይጫወቱ ነበር፤ አሁን እሷ ንግሥት ትሆናለች፣ መበለት ትሆናለች። አንድ ጊዜ የቴአትሩ ቡድን ወደ ነቀምቴ ሲወርድ ባኮ ላይ አሳየ። ልጅቷን ይዤ ሄድኩ። እህቴ እኔ የጠለፍኩትን ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ ልጅቷ እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች። ቀሚሱን ማን እንደጠለፈው የጠየቀ አልነበረም፤ መንገዱን ሁሉ ከልጅቷ ጋር ሳልነጋገር ተመለስኩ። ምን አጠፋች? ምንም።

ቤታችን ስትመጣ ግን እህቴ አትጫወትም። ጥግ ላይ ተቀምጣ እኔና ልጅቷን ዝም ብላ ታየናለች። ልጅቷ «እትዬ» ትላታለች፤ እንዲያ ስትላት ደስ የሚላት ይመስለኝ ነበር። ዝምታውን ደግሞ የመንገድ ድካም ነው እል ነበር።

ልጅቷ ሃያ አራት ዓመት ሲሆናት እህቴ በፊልም ወጣች። እኛ በአማርኛ የሚናገር ፊልም አይተን አናውቅም። አምቦ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሸራ ተወጠረ፤ ቦታ ያጣ ሰው መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። እህቴ ልጇን የምትድር እናት ሆናለች። መጨረሻው አካባቢ ሙሽራዋ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ትስማለች። እህቴ እጇን ዘረጋችና የሙሽራዋን ግራ ጆሮ በመዳፏ ሸፍና ጥቂት ያዘቻት።

አዳራሹ በለቅሶ ተናጠ። ባለቤቴ በመሐረብ አፍንጫውን ያብሳል፣ ልጄ አጠገቤ ትንሰቀሰቃለች። የእኔ ዓይን ደረቀ። ያ እጅ የእኔ ነው። ያቺ ተዋናይ ጆሮዋን አሟት አያውቅም፤ እህቴም መግል ጠርጋ አታውቅም። ጥግ ላይ ተቀምጣ ስታየን የነበረው ለካ ልትለቅም ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ውሸት ነው፣ እሷን አደመቃት። በማግስቱ ገበያ ላይ ሴቱ ሁሉ «እናት ማለት እንደሷ ነው» ሲል ሽንኩርቴን ሳልገዛ ተመለስኩ።

በዚያው ዓመት የልጅቷ የሰርግ ቀን ተቆረጠ። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አባትና እናት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ጉልበታቸውን ትስማለች፣ ይመርቋታል። አንደኛው ወንበር የባለቤቴ ነው። በሁለተኛው ላይ ማን ይቀመጣል? ወላጇ ከመጣች «እስቲ ተነሺላት» የሚለኝ ሽማግሌ አይጠፋም፤ አሁን ደግሞ ያቺው ወላጅ እንዴት እንደምትሳም አገር በፊልም አይቷል።

ባለቤቴ የጥሪ ካርዶቹን ጽፎ የእህቴን ለአዲስ አበባው አውቶቡስ ሹፌር እንድሰጥ ላከኝ። መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። ሹፌሩ ጎማውን እየረገጠ ይፈትሻል፤ ቆሜ አየሁትና ተመለስኩ። ካርዱን ሣጥኔ ውስጥ ከጥልፍ ክሮቼ ሥር ከተትኩት። ለልጅቷም እትዬሽ ሥራ በዝቶባታል፣ አልመጣም ብላለች አልኳት። ስዋሽ አፌ አልተደናቀፈም። ልጅቷ አየት አደረገችኝና እሺ አለች።

በሰርጉ ቀን ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ተነሺ ያለኝ የለም። ልጄ ነጭ ለብሳ መጣች፣ የባለቤቴን ጉልበት ሳመች፣ ከዚያ የእኔን። እጄ ሳላዘው ተነስቶ ግራ ጆሮዋን ሸፈነ። ሃያ ዓመት የያዝኩት ጆሮ ነው፤ እንባዬ ልብሴን እስኪያርሰው አለቀስኩ። በዚህ መሐል ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ሰማሁ።

«አየሻት? የእህቷን ፊልም እያደረገች ነው።»

ዞሬ ፀጉሯን ልነጭላት ነበር። ልጄ ጉልበቴ ላይ ስላለች ተውኩት። ምርቃቱን ግን አሳጥሬ ጨረስኩት፤ እጄንም ቶሎ አነሳሁት። እስከ ዛሬ የምጸጸተው ቶሎ በማንሳቴ ነው።

የመልሱ ቀን ጧት ልጄ ከባሏ ጋር መጣችና ጓዳ ይዛኝ ገባች። ካርዱ እንዳልተላከ ታውቅ ኖሯል። ጠርጥራ ከሰርጉ በፊት ራሷ ጽፋላት ነበር። አልወቀሰችኝም፤ የእህቴን መልስ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ደብዳቤው አጭር ነው።

«ለመልሱ እመጣለሁ። እኔ ሸራ ላይ ተስሜያለሁ፤ እህቴ ቤቷ ውስጥ ትሳም።»

ሌላ ሴት ብትሆን አንብባ ታለቅስ ነበር። እኔ ነደድኩ። ወንበሩን ያገኘሁት በራሴ ብልሃት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሷ ናት የለቀቀችልኝ። ደግነቱን እንኳ ቀደመችኝ።

ከቀትር በኋላ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ ሙሽሮቹን የሚያይ ጠፋ። ሴቶቹ ከበቧት፤ ያን እጅ፣ ያን ጆሮ አያያዝ ከየት እንዳመጣችው ጠየቋት። እህቴ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ከእህቴ አይቼ ነው» አለች። «እናትነት የማውቀው እሷን አይቼ ነው።»

ሴቶቹ ተያይተው ሳቁ። ስንት ታዋቂ ሰው ይኮራል፣ እሷ እኮ ትሕትናዋ ተባባሉ። እውነቱ በአደባባይ ተነገረልኝ፤ ምስጋናው ግን ለእሷ ሆነ። ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ ብዬ ትሪ አንስቼ ልሄድ ስል ልጄ ከጓዳ ተጣራች።

«አዮ!»

እህቴ ከእኔ ቀድማ ዞረች። ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነስታ ነበር። ወዲያው ትዝ አላትና ነጠላዋን የምታስተካክል መስላ ቁጭ አለች። ከሴቶቹ አንዷም ልብ አላለችም፤ እኔ ግን ፊቷን አየሁት። የቀናች ሴት ፊት ነው። ለዓመታት በመስታወት ሳየው የኖርኩት ፊት ስለሆነ አልሳሳትም። በስንት ፋሲካ ያን ፊት ጥግ ላይ ይዛው ተቀምጣ ኖሯል።

ልራራላት ይገባ ነበር። ጓዳው ሦስት እርምጃ ነው፤ እኔ ግን «ወዬ ልጄ» ያልኩት እስከ ሁሉቃ በሚሰማ ድምፅ ነው።