ከመርዶው የቀደመ ማስታወቂያ

ፌስቡክ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ እዚህ ውጭ አገር፣ ስኔሊንግ አቨኒው በሚባል ጎዳና ላይ የአንዲት የደሴ ሴትን ምግብ ቤት ገጽ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። እትዬ እላቸዋለሁ። መተዳደሪያዬ ዉድበሪ በምትባል ጎረቤት ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ መቀበል ነው፤ ስለ ማስታወቂያ የማውቀው በራሴ የደረስኩበትን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰው የሚርበው ከምሳ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ የጥብሱ ፎቶ መውጣት ያለበት ያኔ ነው። በተለይ ዓርብ። በዚህች እውቀቴ እንዴት እኮራ እንደነበር ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

እትዬንም አስተማርኳቸው። ሂሳብ መቀበያው አጠገብ ባለው ኮምፒዩተር በዚያች ሰዓት ገጹን ይከፍታሉ። «ዛሬ አስራ ሁለት ሰው ላይክ አደረገን!» ብለው ይደውሉልኛል።

አንድ ሐሙስ ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ደወሉልኝ። የእትዬ እናት ደሴ አርፈዋል። ቅዳሜ ሁሉም ከሥራ ነፃ ስለሆነ ማልደው ቤታቸው ሄደው ሊያረዷቸው ተስማምተዋል። «እስከዚያ ከአፍሽ እንዳይወጣ። ሬስቶራንቱ ዝግ መሆኑን ካረዳናት በኋላ ፖስት ታደርጊዋለሽ» አሉኝ።

ከአፌስ አልወጣም። ግን ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ማን ያነባል ብዬ አሰብኩ። አዋቂ ነኛ! ዓርብ ያችው ሰዓት ስትደርስ፣ «ነገ ቅዳሜ በሐዘን ምክንያት ዝግ ነን» ብዬ ለጠፍኩ። የማን ሐዘን እንደሆነ አልጻፍኩም፤ መጠንቀቄ ነበር። በዚያች ሰዓት ገጹን ከማንም ቀድመው የሚከፍቱት እሳቸው መሆናቸው ትዝ አላለኝም።

ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ የማን ሐዘን ነው?»

ከወዲያ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«እማዬ ናት?»

«እትዬ…» ብዬ ጀመርኩ። እሳቸውም፣ «በይ አጥፊው። ሽማግሌዎቹ ካዩት ይቀየሙሻል። እኔም ሰው እየገባብኝ ነው፤ ምሳ ላቅርብ» አሉኝ።

አጠፋሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። መርዶ ተሰብስቦ የሚነገረው፣ የሰማው ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እንዲኖር ነው። እሳቸው ቆመው፣ ብቻቸውን፣ ከእኔ ማስታወቂያ ላይ አነበቡት። ከሥራ ስወጣ ልሂድላቸው አልኩና ፈርቼ ቤቴ ገባሁ። ብቻቸውን እንደሚኖሩ እያወቅሁ። ከማስታወቂያው ይልቅ ይሄ ይብስብኛል።

ቅዳሜ ማለዳ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆምኩ። እትዬ በቤት ልብሳቸው በሩን ከፍተው፣ «ምነው በማለዳ? በደህና ነው?» አሉ። ተቀመጪ አሏቸው፤ ተቀመጡ። ሲነገራቸው «እማዬን!» ብለው ጮኹ፤ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ያዟቸው። ዓይናቸው አስቀድሞ ማበጡን ልብ ያለ ሰው የለም። ተራዬ ደርሶ ላጽናናቸው ሳቅፋቸው፣ ከለቅሷቸው መሃል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አይዞሽ፣ ማንም አላወቀብሽም» አሉኝ።