ከሁለት ቆዳ የተጎነጎነችው ጅራፍ

ክላሪ ፔንግሊ ጅራፍ ሠሪ ነበር። የእሱን ግቢና የእኛን የሚለየው የሽቦ አጥር ብቻ ስለሆነ፣ ልብስ ላሰጣ በወጣሁ ቁጥር ከቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ አጎንብሶ ሲጎነጉን አየው ነበር። ቆዳ ሲመጣለት መጀመሪያ ያሸተዋል። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሥቶ እያገላበጠ፣ "እስቲ አንተ የት ነበርክ?" ይለዋል። መልስ የሚያገኝ ይመስለኝ ነበር።

ለጅራፍ የካንጋሮን ቆዳ የሚያህል የለም፤ ስስ ነው፣ ግን አይበጠስም። ክላሪ ታዲያ ከማንም አይቀበልም። አዳኙ ፈቃድ ያለው፣ የፈቃዱ መለያ ቆዳው ላይ የታሰረ፣ እንስሳውም ጭንቅላቱን ተመትቶ እዚያው የወደቀ መሆን አለበት። ይህን የሚያሟላለት ዱድ ሃንራሃን የሚባል አዳኝ ነበር፤ ዝናብ የጠፋ ዓመት ጠመንጃውን ሰቅሎ ልጁ ዘንድ ወደ ባሕር ዳርቻ ሄደ።

በዚያው ሰሞን የከብት ነጂው ልጅ ኢዲ ትራስክ ጅራፍ አዛ ነበር። በከተማችን ትርኢት ላይ ጅራፍ ማጮህ የወንዶች ውድድር ነበር። እሷ ልግባ ስትል ሁሉም ሳቁ፤ ጅራፉን የሚያውሳት ጠፋ። የክላሪ ካልደረሰላት መቅረቷ ነው።

አንድ ቀን የማናውቀው ሰው ፒካፑን ቆዳ ጭኖ መጣ።

"ሐር ነው፣ ሐር! ዳስሰው እስቲ።"

ክላሪ ዳሰሰው። እውነትም ያምር ነበር። ወደ መስኮቱ ሲያነሣው ግን ከጎኑ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብርሃን አሳለፈች።

"መለያው የታል?"

"መንገድ ላይ ወደቀ መሰለኝ።"

"የሁሉም?"

"አንተ ሰውዬ፣ ልትገዛው ነው ወይስ ልታገባው?"

"ጎኑን የተመታ ስንት ሮጦ ይወድቃል?"

"ምን አውቄ! አልተከተልኩት።"

"እሱ ነው እንግዲህ ነገሩ" አለና ጠቅልሎ መለሰለት።

ኢዲ ይህን ስትሰማ እየበረረች መጣች። "አንተ ሽማግሌ፣ አብደሃል? ምን ይዤ ልግባ? ላጨብጭብ?"

"የዱድ ሁለት ቆዳ ተርፎኛል። አንዱ የቀዩ ካንጋሮ፣ አንዱ የግራጫው።"

ጅራፍ ከአንድ ቆዳ ነው የሚወጣው። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ዙሪያውን እየተቆረጠ ጠፍር ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቆዳ የሚለጠጠው በራሱ መንገድ ነውና ሁለቱን ማንም አይቀላቅልም። የተረፉት ሁለቱ ደግሞ ወንዶቹ ካንጋሮዎች ሲጣሉ በጥፍር የተቧጨሩ፣ ጠባሳ የሞላባቸው ነበሩ። ለየብቻቸው አይበቁም።

"ቢቀላቀሉስ ምን ይመጣል?" አልኩት ከአጥሩ ማዶ።

"እኔም ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው" አለኝ። ዓይኑ የሕፃን ዓይን መሰለ።

ጠባሳውን እየዞረ ቆረጠ፣ ጠፍሩን ስብና ሳሙና ቀባ፣ ጎነጎነ። ስታልቅ መልኳ እንደ እባብ ዝንጉርጉር ነበር።

የትርኢቱ ዕለት አጥሩን ከተደገፉት ወንዶች አንዱ፣ "ኢዲ፣ ጆሮሽን እንዳትቆርጪ!" አላት።

"የኔ ቢቆረጥ ካንተ እዋሳለሁ፣ ያንተ ለሁለት ይበቃል!"

ጅራፏ እንደ ጥይት ጮኸች። እንጨት ላይ የተቀመጠውን የቆርቆሮ ጣሳ መትቶ መጣል ሲመጣ ግን ጫፏ ወደ ግራ ሸሸ። ደገመች፣ አሁንም ሸሸ። በሦስተኛው ኢዲ ከቆርቆሮው ቀኝ፣ ባዶውን አየር አነጣጠረች፤ ቆርቆሮው ተፈናጥሮ ሄደ። ሳቁ ቆመ። አላሸነፈችም፣ ግን ሰው እንደገባ ገባች፣ እንደወጣ ወጣች።

ኢዲና እኔ ከትርኢቱ ወደ ግቢው ስንመለስ፣ ክላሪ ስንተኛ እንደወጣች አልጠየቃትም።

"ጅራፏ ወደ ግራ ሄደች?"

"እንደ ሰከረ ፈረስ!"

ፊቱ በራ። ሣሩ ላይ ተቀመጠና ጫፏን ይዞ መፍታት ጀመረ።

"ኧረ! የኔ እኮ ናት!"

"እመልሳታለሁ። የትኛው ቆዳ እንደጎተታት ሳላውቅ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ኢዲ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣ እጀታውን ያዘችለት።

"ቀዩ ነው" አለች።

"ግራጫው ነው" አልኩ እኔ፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ማየት ጀመርኩ።